የሠራተኛው ስልክና የተገልጋዩ አማና

መሥሪያ ቤታችን የሠራተኞች የማኅበራዊ ሚዲያ አጠቃቀም መመሪያ እንዲያረቅቁ ሦስት ሰዎች ሲመድብ አንዱ እኔ ነበርኩ። የምንሠራው ጋዝጊብላ ወረዳ፣ አስከተማ ነው። መጀመሪያ የቀረበው ሐሳብ አጭር ነበር፦ «ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ስም የሚያጠፋ ነገር አይጻፍ።» እንዲህ ያለ መመሪያ የሚጠብቀው አለቃን ብቻ ነው።

እኔ ትዝ ያለችኝ ግን ከዚህ በፊት በሌላ ቦታ ስሠራ ያወቅኋት እናት ነበረች። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጇን ለሕክምና ስታመጣ አንድ ሠራተኛ ፎቶ አንሥቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ሥራውን ለማሳየት እንጂ ለክፋት አልነበረም። ፎቶው ዞሮ ዞሮ ዐረብ አገር ያለች እህቷ ዘንድ ደረሰ። እናትየዋ አልጮኸችም። «ወንድሜ፣ ልጄን ያመጣሁት እንድታክሙልኝ እንጂ እንድታሳዩብኝ አይደለም» ብቻ አለችኝ።

ለእኛ አካባቢ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል እንኳ «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ይባላል። ስማችን ከረሃብ ጋር ተያይዞ ይነሣል። እርግጥ ነው፣ ምስል ሕይወት ያድናል። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው ምስል በቢቢሲ ሲታይ ዓለምን ለእርዳታ አነሣሥቷል። ነገር ግን ጋዜጠኛ አደጋን ለዓለም ማሳወቁ ሌላ፣ ደመወዝተኛ በሥራው ያገኘውን የተገልጋይ ገመና መለጠፉ ሌላ ነው። ይህኛው አማና ነው።

ሕጉም ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 ፌስቡክ ከመፈጠሩ ከአርባ ዓመት በፊት የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ ከልክሏል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ይመድበዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች እንዲገቡ ተከራከርኩ።

አንደኛ፦ የተገልጋይ ፎቶ ያለ ፈቃድ አይለጠፍም። ፈቃዱም ሰውየው በሚገባው ቋንቋ፣ ኽምጥኛ ተናጋሪ ከሆነ በኽምጥኛ ይጠየቃል። ደግሞ ስንዴ ለመቀበል ወረፋ የያዘ ሰው «እሺ» ቢል ፈቃድ አይባልም፤ እምቢ ካልኩ ይቀርብኛል ብሎ ይፈራልና። አንድ ባልደረባዬ «ታዲያ ለጋሾች በምን ያምኑናል?» አለ። የተቆፈረው ጉድጓድና የታረሰው እርከን ፊት ሳይታይ ይነሣል፤ ለሪፖርት የሚላክም ነገር ሁሉ ፌስቡክ ላይ መውጣት የለበትም።

ሁለተኛ፦ ሐሳብን መግለጽ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የተረጋገጠ መብት ነው። ግን የሥራ ጋዋን ለብሶ የሰውን ብሔር ወይም እምነት የሚዘልፍ ሠራተኛ «የግል አስተያየቴ ነው» ቢል አያድነውም። የተሰደበው ሰው ነገ አገልግሎት ፈልጎ እዚያው መስኮት ላይ ይቆማል። በምን እምነት ይቆማል?

ሦስተኛ፦ ብልሹ አሠራርን መጠቆም ስም ማጥፋት አይደለም። ይህ በግልጽ ካልተጻፈ መመሪያው አፍ መለጎሚያ ይሆናል።

ወንድሞችና እህቶች፣ በየመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ወረቀት ለፊርማ ሲመጣላችሁ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ። ማንበብ ለማይችል ተገልጋይ ቢነበብለት «ይህ ለእኔ ነው» የሚለው አንድ መስመር እንዳለበት ፈልጉ። ከሌለበት እንዲጨመር ጠይቁ።