ልጆችን ይዞ ወደ ጉባ

ከአዲስ አበባ አሶሳ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ማንጎዋን ቀምሰው፣ ሙቀቷን ችለው ጉባ ለመድረስ ደግሞ ገና ሌላ መንገድ ይጠብቃል። ከዚያ 145 ሜትር ከፍታ፣ 1,780 ሜትር ርዝመት ያለው ግድብ! ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ልጆቻችን «እኛንስ መቼ ትወስዱናላችሁ?» ይሉናል። ወላጅን የሚያስጨንቀው ግን ሌላ ነው፤ በንጋት ሐይቅ ዳር አርባ ልጅ ማን ይጠብቃል?

ስካውቶች የቆየ መላ አላቸው። ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 ብራውንሲ ደሴት ላይ ሃያ ያህል ልጆችን ሲያሰፍር በአራት ቡድን ከፈላቸው፤ አለቆቹም ከልጆቹ መካከል ነበሩ። ዛሬም ከስድስት እስከ ስምንት ልጆች አንድ ፓትሮል ይሆናሉ፤ ፓትሮሎቹ በአዋቂ መሪ ሥር ይሰባሰባሉ። ትንንሾቹ ለብቻቸው ናቸው፣ ወጣቶቹ ሮቨር ይባላሉ፤ የዕድሜው ወሰን ከአገር አገር ይለያያል። ማዕረግ ግን በልደት ቀን አይሰጥም፤ ገመድ ቋጥሮ፣ ካርታ አንብቦ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ተፈትኖ ነው። በንጉሡ ዘመን እኛም አገር ነበረ፤ አያቶችን ጠይቁ።

በዚያ ሁሉ ርዝመት አርባ ልጅ መቁጠር ለአንድ አስተማሪ ይከብዳል። ለአሥራ ሦስት ዓመት አለቃ ሰባት መቁጠር አይከብዳትም። የእኔዋ አሥራ ሦስት ሞልቷታል፤ ታናሽ ወንድሟ ከሰባቱ አንዱ ይሆናል።