ጡረታ ያለ ደብተር

‹‹የአረጋውያን መንደር›› ሲባል ከውጭ የመጣ አዲስ ነገር ይመስለናል። እኔ ግን በምሥራቅ ጎጃም ነገሩ ከደብሮቻችን ጋር አብሮ የኖረ ነው ባይ ነኝ። ሞጣ ጊዮርጊስን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ሲተክሉ፣ ዙሪያው የካህናት መንደር ሆነ። በቢቸና በኩል ዲማ ጊዮርጊስም እንዲሁ መንደር አለው። ልጆቿን ድራ፣ ድርሻቸውን ሰጥታ የጨረሰች እናት ቆብ ትደፋና ከቅጥሩ አጠገብ ጎጆ ትቀልሳለች። ጧት ኪዳን፣ ቀን ቅዳሴ፤ ከዝክሩም ከሰንበቴውም ዳቦና ጠላ ይደርሳታል፤ እህሉን ልጆቿ በአህያ ጭነው ያመጡላታል። ብትታመም ቀድማ የምትሰማው ጎረቤቷ መነኩሲት ናት። (መነኩሴ ሐሜት አያውቅም ያለ ካለ እዚያ አልሰነበተም!)

ይህ ሁሉ የቆመው ግን ልጅ ቅርብ ስለነበረ ነው። አሁን ልጅ አዲስ አበባ ነው፣ ዓረብ አገር ነው። የ2003ቱ የጡረታ አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኛውን አቀፈ፤ ገበሬው ግን 60 ቢሞላውም የሚቆጥርለት የለም።

አዲስ አበባ ላይ ቢኒያም በለጠ መቄዶንያ የተባለውን መጦሪያ የጀመረው ጥቂት ሰዎችን በወላጆቹ ቤት አስጠግቶ ነው፤ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ይጦሩበታል። ግሩም ሥራ ነው። ቢሆንም የሞጣ ባልቴት ጧሪ ፍለጋ ዓባይን መሻገር የለባትም። የአገሬ ልጆች፣ ለጉልላት ስናዋጣ ለእነዚያ ጎጆዎችም ቆርቆሮ እንጨምር።