ከሣጥን የወጣ አበባ

የአንገት ወርቄን ለልጄ ማሳከሚያ ከሸጥኩ ወዲህ፣ ሠርግ ስጠራ ምክንያት እየፈለግሁ እቀር ነበር። እናቴ መንዝ ሳለች በእጇ የፈተለችው በርኖስ ግን የአዳማ ሙቀት ከሣጥን ሳያስወጣው ብል ጀምሮት አገኘሁት።

መቀስ ላነሣበት ሳሳሁ። ሆኖም ደህናውን ቆርጬ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥብቄ አሸሁት። የበግ ጠጉር እንዲህ ሲታሽ እርስ በርሱ ተያይዞ ይደድራል፤ ቢቆረጥም ጠርዙ አይተረተርም። ሲደርቅ አበባ አበባ አድርጌ ቆረጥኩት፤ መካከሉ ላይ ቢጫ ዶቃ ሰፋሁ፤ በክር ደርድሬም የአንገት ጌጥ አደረግሁት።

በጥር የጎረቤቴ ልጅ ስትዳር አጥልቄው ሄድኩ። ሴቶቹ «ከየት ገዛሽው?» አሉኝ። «ከእናቴ» አልኳቸው።

ወርቄ ሄደ፤ ልጄ ግን ድናለች። እናንተም ሣጥናችሁን ፈትሹ። ባዶ አንገት ከወዳጅ ደስታ አያስቀራችሁ።