መስመሩን አሳየኝ

የ12ኛ ክፍል ፈተና እየተቃረበ ስለሆነ ሰሞኑን ኢንቦክሴን የሞላው አንድ ጥያቄ ነው፦ "ቲቸር፣ የእንግሊዝኛውን ምንባብ አንብቤ እረዳዋለሁ፤ ምርጫዎቹ ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ልክ ይመስሉኛል። ምን ላድርግ?" ለእያንዳንዳችሁ ለየብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ "ካላወቅክ ሲን አጥቁር"፣ "ረጅሙ ምርጫ ነው መልሱ" የሚባለውን ወሬ እርሱት። መልሱ ያለው ምንባቡ ውስጥ ነው። በምሳሌ እንየው። ክፍል ውስጥ የምጠቀምባት አጭር ምንባብ አለችኝ፤ እዚህ ሁሉም እንዲከተለኝ በአማርኛ ላድርጋት።

"የአንድ መንደር ገበሬዎች የተሻሻለ የጤፍ ዘር መዝራት ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት ምርታቸው ጨመረ። ሆኖም አዲሱ ዘር ብዙ ማዳበሪያ ስለሚፈልግ፣ ወጪው የከበዳቸው አንዳንድ ገበሬዎች በሁለተኛው ዓመት ወደ ቀድሞው ዘር ተመለሱ።"

ጥያቄ፦ አንዳንድ ገበሬዎች ወደ ቀድሞው ዘር የተመለሱት ለምንድን ነው?

ኤ) አዲሱ ዘር ጥሩ ምርት ስላልሰጠ
ቢ) ገበሬዎች አዲስ ነገር መቀበል ስለማይወዱ
ሲ) አዲሱን ዘር ለማልማት የሚያስፈልገው ገንዘብ ስለበዛባቸው
ዲ) የማዳበሪያ ዋጋ በየዓመቱ ስለሚጨምር

ኤ ከምንባቡ ጋር ይጋጫል፤ ምርታቸው ጨምሯል ተብሏል። ቢ ደግሞ ሰው ስለ ገበሬ ከሚያወራው የመጣ እንጂ ምንባቡ ውስጥ የለም። እንዲያውም አዲሱን ዘር ተቀብለው ዘርተውታል እኮ! ጭቅጭቁ ያለው ሲ እና ዲ ላይ ነው።

አንድ ዓመት ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ ዲን መርጦ ሞገተኝ። "ቲቸር፣ አባቴ ገበሬ ነው። ማዳበሪያ በየዓመቱ ይጨምራል። እንዴት ስህተት ይሆናል?" ክፍሉ ሳቀ። እኔን ግን አላሳቀኝም። ከመካከላቸው ነገሩን በኑሮው የሚያውቀው እሱ ነበር፤ ወጥመዱ ውስጥ የገባውም በዚሁ ምክንያት ነው። "አባትህ ልክ ነው" አልኩት። "ፈተናው የጠየቀው ግን አባትህን ሳይሆን ምንባቡን ነው። 'በየዓመቱ ይጨምራል' የሚለውን መስመር አሳየኝ።" ጣቱን ከላይ እስከ ታች ወሰደው፤ አጣው። ብዙ ማዳበሪያ መፈለግና የማዳበሪያ ዋጋ መጨመር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሲ መስመር ሲፈልግ ግን ጣቱ "ወጪው የከበዳቸው" ላይ ቆመ። ቃሉ ተቀይሯል፣ ሐሳቡ ያው ነው።

ልጆች፣ ከሁሉ በላይ የሚያታልለው ምርጫ ውሸት የሆነው አይደለም። በዓለም ላይ እውነት ሆኖ ምንባቡ ውስጥ የሌለው ነው። ስለዚህ ይህን ልመዱ፦

1. ጥያቄውን እንዳነበባችሁ ምርጫዎቹን በእጃችሁ ሸፍኑ። ወደ ምንባቡ ተመልሳችሁ መልሱን በራሳችሁ ቃል ያዙ። ከዚያ እጃችሁን አንሱ።

2. የምትሰርዙት ምርጫ ሁሉ ምክንያት ይኑረው፦ "ይጋጫል"፣ "አልተባለም" ወይም "ተጋኗል"።

3. ሁለት ከቀሩ የሚለያያቸውን ቃል ፈልጉ። ምንባቡ "አንዳንድ" ሲል ምርጫው "ሁሉም" ካለ ተጋኗል። ግን "ሁሉም" ባያችሁ ቁጥር አትሰርዙ፤ ምንባቡ ራሱ "ሁሉም" ካለ ልክ ነው።

4. "ከምንባቡ ምን መረዳት ይቻላል?" ሲባል መልሱ ቃል በቃል ላይጻፍ ይችላል፤ የሚደግፈው መስመር ግን የግድ አለ። ለምሳሌ ከላይ ካለው ምንባብ "ለአንዳንድ ገበሬዎች የምርት መጨመር ብቻውን በቂ አልነበረም" ማለት ይቻላል። "አዲሱ ዘር አክሳሪ ነው" ማለት ግን አይቻልም፤ ያልተመለሱትም አሉ።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ በአንድ ብልሃት የሚፈታ ችግር አይደለም። እንግሊዝኛው ራሱ የከበደው ልጅ ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ ማንበብ አለበት፤ አቋራጭ የለውም። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ምንባቡን በደንብ ተረድቶ መልሱን ከራሱ ጭንቅላት አውጥቶ የሚያጠቁረው ልጅ ነው። ያ ልጅ ነጥቡን የሚያጣው እያወቀ ነው።

ደግሞ ነገሩ በፈተና አያበቃም። ነገ የሥራ ወይም የቤት ኪራይ ውል ይቀርብላችኋል። "ችግር የለውም፣ እንዲህ ማለት ነው" የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ያኔም መስመሩን አሳየኝ በሉ።

እስቲ ለልምምድ አንድ ልተውላችሁ። "በሁለተኛው ዓመት የመንደሩ ምርት ቀነሰ" የሚል ምርጫ ቢመጣ ትቀበሉታላችሁ ወይስ ትሰርዙታላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ መልሱን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱንም። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ እናንተ ታውቁታላችሁና ለታናናሾቻችሁ ቦታ ልቀቁ 😄