ያሳረፈኝ መርፌ

የወር አበባዬ ሲቀር ደስ አለኝ፤ ይህን ደስታ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። እዚህ በምኖርበት በአዘና የሴት ወር አበባ ቀረ ከተባለ ወይ አርግዛለች ወይ ታማለች ነው። የእኔ ከሁለቱም አልነበረም፤ ዲፖ የምንለው የሦስት ወር መርፌ ነበር ያስቀረው። ውሎ አድሮ ያንኑ ያስደሰተኝን መርፌ በልቤ ረገምኩት። የምናዘዘው ስለ ደስታዬም ስለ እርግማኔም ነው።

የመጀመሪያ ልጄን እያጠባሁ ማስተማር በጀመርኩ ጊዜ ሰውነቴ ዝሎ ነበር። ማረፍ ፈለግሁ፤ ከባለቤቴም ጋር ተስማማን። ጤና ጣቢያ ያገኘኋት ነርስ ነጭ ፈሳሽ የያዘውን ትንሽ ብልቃጥ ደህና አድርጋ ነቀነቀችና መርፌውን ከመሙላቷ በፊት ቀና ብላ አየችኝ። «እህቴ፣ ሳትወጊ ስሚኝ። መጀመሪያ ደሙ ያለ ቀኑ ሊመጣ ይችላል። እየቆየ ሲሄድ ጨርሶ ሊቀር ይችላል። ካቆምሽው በኋላም እርግዝና ሊዘገይብሽ ይችላል። ክንድ ውስጥ የሚቀበርም አለ፣ ሉፕም አለ፣ እንክብልም አለ፤ ምረጪ» አለችኝ። መርፌውን መረጥኩ። ምክንያቴም ትራስ ሥር የሚደበቅ እሽግ፣ ክንድ ላይ የሚዳሰስ ነገር የሌለው መሆኑ ነበር። ስትጨርስ የተወጋሁበትን ቦታ እንዳላሸው አስጠነቀቀችኝ፤ መድኃኒቱ ከጡንቻው ቀስ እያለ ነው ወደ ደም መግባት ያለበት።

ነርሷ እንዳለችው ሆነ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠብ ጠብ የሚል ደም መጣ፤ ሄደ ስል ይመለሳል። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ በደም ቀን ቤተ ክርስቲያን ለማንገባ ለእኛ ግን ትንሽ አይደለም። ንግሥ በመጣ ቁጥር ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ቅዳሴውን ከሩቅ ሰማሁ። ለምን እንደማልገባ የጠየቀኝ የለም፤ ሴቶቹ ሁሉ ያውቁታል። ያም ሆኖ በገዛ ገላዬ ተናደድኩ፤ ከእግዚአብሔር ቤት ያስቀረኝ እሱ መሰለኝ።

ከዚያ ደሙ ቆመ። በፈለግሁት ቀን ቤተ ክርስቲያን እገባለሁ፤ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ፊት ስቆም ልብሴን ዞሬ አላይም፤ ለሞዴስ ገንዘብ አላወጣም። ደስታዬ ይህ ነበር። ማታ ማታ ግን እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ «ያ ሁሉ ደም የት ሄደ?» እላለሁ። የቀረ ደም ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ አስተማሪ መሆኔም ከዚህ ፍርሃት አላዳነኝም። እውነቱ ግን የሚጠራቀም ነገር አለመኖሩ ነው። መርፌው ፕሮጄስትሮን የሚመስል ሆርሞን ነው። አንጎል ሥር ያለው ዕጢ እንቁላል ልቀቂ የሚለውን መልእክት እንዳይልክ ያደርገዋል፤ የማህፀን ግድግዳም ሳይወፍር ስስ ሆኖ ይቆያል። ያልወፈረ ግድግዳ ደግሞ የሚያፈሰው ነገር የለውም። አንድ ዓመት ከወሰዱት ሴቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የወር አበባቸው ይቀራል።

ወፈርኩም። በመጀመሪያው ዓመት በአማካይ 2.5 ኪሎ ያህል ይጨምራል፤ እኔ ከዚያም ሳልበልጥ አልቀረሁም። በእኛ አገር ወፍራም ሴት «ተመችቷታል» ትባላለች። ምርቃቱን በፈገግታ ተቀበልኩ፤ ቀሚሴ ሲጠበኝና ራሴን ሲያመኝ ግን ለማንም አላልኩም። የተመሰገንኩበትን ነገር ጉዳት ነው ብሎ መናገር ከበደኝ።

ልጄ ከፍ ሲል ሁለተኛ አማረኝ፤ መርፌውን ተውኩት። ሰውነቴ ግን እንደ ፈቃዴ አልተመለሰልኝም። ወር በወር ጠበቅሁ። ስለ መርፌው የማታውቀው አማቴ «ጠበል ትጠመቅ» አለች፤ ሄጄ ተጠመቅሁ። ቡና ላይ «መርፌ ማህፀን ያደርቃል» ሲባል አንገቴን ደፋሁ። ያን ጊዜ ነው የረገምኩት። ለመርገም ምክንያት እንደሌለኝ ግን አውቅ ነበር፤ እንደሚዘገይ አስቀድሞ ተነግሮኛል። አቁመው ካረገዙት ሴቶች ግማሾቹ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ እስከ 10 ወር ይቆያሉ፤ በ18 ወር ውስጥ ደግሞ ከእነዚሁ ከመቶው 93 ያህሉ ያረግዛሉ። ማህፀን ይዘገያል እንጂ አይደርቅም። የእኔም ጊዜው ደርሶ ሁለተኛዋን ወለድኩ።

ራሴን ስመረምር ያገኘሁት ይህን ነው፦ ያሳረፈኝም ያስለቀሰኝም አንድ ነገር ነው። መድኃኒቱ ጡንቻዬ ውስጥ ረጅም ጊዜ ባይቆይ ኖሮ ሦስት ወር አያሳርፈኝም ነበር፤ ረጅም ጊዜ ስለሚቆይም ልተወው ስል ቶሎ አልለቀቀኝም። መርፌው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ምኞቴ ነው። ደም መቅረቱ ለእኔ ዕረፍት ነበር፤ መርፌውን ትታ ልጅ ለምትፈልግ ጎረቤቴ ግን በየወሩ የሚያስደነግጥ ነገር ነው። ስለዚህ የትኛው ጉዳት እንደሚከብድና የትኛው እንደሚቻል መመዘን ያለባት የምትወጋዋ ሴት ራሷ ናት። ያልተነገራት ደግሞ መመዘን አትችልም።

ይህ የእኔ ብቻ ጉዳይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ባለትዳር ሴቶች 23ቱ መርፌ ይጠቀሙ ነበር፤ ከሌሎቹ መከላከያዎች ሁሉ የሚበልጥ ቁጥር ነው። ወደ እስራኤል ስለሄዱት እህቶቻችን የሰማሁትም አይረሳኝም። እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ በቴሌቪዥን ቀርበው መርፌው በደንብ ሳይገለጽላቸው እንደተሰጣቸው ተናገሩ። በቀጣዩ ወር የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሮኒ ጋምዙ ውጤቱ ያልገባት ሴት ማዘዣው እንዳይታደስላት መመሪያ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 የአገሪቱ የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሴቶቹ ተገድደው ተወግተዋል የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። እኔን የሚያመኝ ግን ማስገደድ ባይኖር እንኳ ሳይገባት የተወጋች ሴት መኖሯ ነው። ያቺ ነርስ «ምረጪ» ባትለኝ ኖሮ እርግዝናን የጠበቅሁበት ያ ሁሉ ወር ምን ይሆንብኝ ነበር?

አሁን ሴቶች ሲያማክሩኝ አልደብቅም። መርፌው የአጥንት ጥንካሬን ይቀንሳል፤ ሲያቆሙት በአብዛኛው ይመለሳል፤ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪም እ.ኤ.አ. በ2004 ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስጽፎበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ከአንድ ዓመት በላይ በወሰዱት ላይ ሜኒንጂዮማ የሚባለው የአንጎል ሽፋን ዕጢ ከፍ ብሎ አግኝቷል፤ ዕጢው በራሱ ብርቅ ስለሆነ የአንዷ ሴት ስጋት ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ልታውቀው ይገባል። የጡት ካንሰር ያለባት አትወጋም። መርፌው ከኤች አይ ቪ አይከላከልም። ደም ከበዛባት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከያዛት፣ ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ቀጠሮዋን ሳትጠብቅ ጤና ጣቢያ ትሂድ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር እጠይቃታለሁ፦ «ቀጣዩን ልጅ መቼ ትፈልጊያለሽ?» በዓመት ውስጥ ካለችኝ ይህ መርፌ ላንቺ አይሆንም፣ ሌላ ምረጪ እላታለሁ። ማረፍ እፈልጋለሁ ካለችኝ ደስታዬንም እርግማኔንም እነግራታለሁ፤ ከዚያ በኋላ ምርጫው የሷ ነው።