ቤት ጎትቶ በሸናንዶዋ ተራራ ላይ

በአሜሪካ አገር፥ በቨርጂንያ ግዛት የሚገኘው የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ በተራራው ጀርባ ላይ የሚያልፍ፥ ርዝመቱ 105 ማይል የሆነ፥ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል መንገድ አለው። በሰዓት ከ35 ማይል በላይ መንዳት የተከለከለ ነው። የሜሪስ ሮክ ዋሻ ቁመት 12 ጫማ ከ8 ኢንች ስለ ሆነ፥ ተጎታች ቤት የያዘ መንገደኛ አስቀድሞ የቤቱን ቁመት ይለካል።

እኛን ግን ከፊቱ ይልቅ ያሳሰበን የኋላው ነበር። ተጎታች ቤት የኋላውን እይታ ይጋርዳል፤ በሰፈሩም ሕፃናት ይሯሯጣሉ። በዚያ አገር ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ ቀላል መኪናዎች ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖራቸው ሕግ ያዛል፤ ሕጉ ግን ተጎታቹን ቤት አይጨምርም።

ስለዚህ ባለ ሽቦ ካሜራ ከቤቱ ጀርባ ከፍ አድርገን በመካከል ሰቀልን፤ ዝናብ እንዳይገባም ቀዳዳውን በማሸጊያ ደፈንን። የ12 ቮልቱን ኃይል በፊውዝ በኩል አሳለፍን። ገመዱን በቤቱ ሥር አጥብቀን አሰርን፤ በመኪናውና በቤቱ መካከል ግን በመታጠፊያ እንዳይበጠስ፥ መሬትም እንዳይነካ በልክ አላላነው።

ከዋሻው አልፈን፥ በ51ኛው ማይል ላይ ካለው ከቢግ ሜዶውስ ሰፈር በደረስን ጊዜ የካሜራው ጥቅም ታየ። ይሁን እንጂ ካሜራ ጎኑን ሁሉ አያይም፤ ጭቃ ቢለጠፍበትም ይታወራል። ስለዚህ ወደ ኋላ ስንሄድ አንድ ሰው በመስታወት በሚታየን ስፍራ ቆሞ ይመራናል፤ እርሱ ከዓይናችን ከተሰወረ ወዲያው እንቆማለን፤ ልጆችም ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ከእናታቸው አጠገብ አይለዩም። ቤቱ ከተተከለ በኋላ ግን ሜዳው የእነርሱና የአጋዘኖቹ ነው።