አንድ ሰው፣ አንድ ድምፅ

ዛሬ ስለ ኑሮ ውድነት አልጽፍም። ስለ አንድ አልበምና ስለ አንድ ልጅ ነው የምጽፈው።

አልበሙ የሙላቱ አስታጥቄ «ስኬችስ ኦፍ ኢትዮጵያ» ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ቢሆንም እኔ ዘግይቼ ነው ያገኘሁት። ስምንት ሙዚቃዎች አሉት። ርዕሶቹን እስቲ እዩልኝ፦ አዝማሪ፣ ጋሞ፣ ሀገር ፍቅር፣ ጋምቤላ፣ አሶሳ ደራሼ፣ ጉሙዝ፣ እናት ሀገር አባይ፣ ሱርማ። የጂኦግራፊ መምህር ይህን አይቶ እንዴት ዝም ይላል? ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ከትራምፔት፣ ከሳክስፎን፣ ከፒያኖና ከቼሎ ጋር ይጫወታሉ። የሙላቱ ቫይብራፎን ደግሞ መሃል እየገባ ያገናኛቸዋል። ያ ሁሉ መሣሪያ ተሰብስቦ አንዱ ሌላውን አይውጠውም።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር ከአሶሳ የተዛወረ ተማሪ መጣ። ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት። ሲነግረኝ «እንዴ! ያን ሙቀት እንዴት ቻልከው?» አልኩና ክፍሉን አሳቅኩበት። ቀልድ መስሎኝ ነበር እኮ። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። እጁን አውጥቶ አያውቅም። እኔም «ዝምተኛ ነው» ብዬ ተውኩት።

በሁለተኛው ሴሚስተር አልበሙን በስልኬና በትንሽ ስፒከር ክፍል ውስጥ ከፈትኩት። ርዕሶቹን ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና «ካርታው ላይ ፈልጉ» አልኳቸው። አባይን ሁሉም አገኘው። ደራሼ ላይ ግን እውነቱን ልናገር፣ የእኔም ጣት ትንሽ ተንከራተተ። ሙላቱ ስለ ደራሼ ሰዎች የቀርከሃ ዋሽንት ደጋግሞ እንደሚናገር ነገርኳቸው። የጃዝ ተማሪዎች «ዲሚኒሽድ» ብለው የሚማሩትን ስኬል እነሱ ከጥንት ጀምሮ ይጫወቱታል ይላል።

ያኔ ከጥግ አንድ እጅ ወጣ።

«ቲቸር፣ እኛ ጋ ዙምባራ አለ። አንድ ሰው አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚነፋው።»

«እስቲ አሳየን» አልኩት።

አምስት ልጆች አስነስቶ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ድምፅ ሰጣቸው። በእጁ እየጠቆመ አስጀመራቸው። መጀመሪያ ጫጫታ ነበር፤ ተማሪው ሁሉ ይስቃል። ቀስ በቀስ ግን ዜማ ሆነ። ከዚያ አንዷን ልጅ «አንቺ ዝም በይ» አላት። ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ሆነ።

«አያችሁ? እሷ ከሌለች ዘፈኑ የለም» አለ።

ማንም አልሳቀም። እኔም መናገር አቃተኝ፤ ስንት ወር ሙሉ የእሱን ድምፅ ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ።

ሙላቱ ጅማ ተወልዶ፣ ዌልስ፣ ለንደን፣ ከዚያም ቦስተን በርክሊ ድረስ ሄዶ ተምሯል። ይህን ሁሉ ተምሮ መጥቶ ጆሮውን ለደራሼ ሰጠ። እኔ ከሰሌዳው አምስት እርምጃ ርቆ የተቀመጠውን ልጅ ለመስማት ግማሽ ዓመት ፈጀብኝ።

አንተ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ፦ ያን ቀን «ጎበዝ፣ ተቀመጥ» ብዬ ነው ያለፍኩህ። ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ። አሁን ይቅርታ።

መምህራን ወዳጆቼ፣ ነገ ስም ስትጠሩ ጥግ ጥጉን እዩልኝ። አልበሙንም ስሙት። መልካም ሰንበት!